ጥቁር ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም
(ስለ ግቢና ስለ መተላለፊያ ንጣፍ አመራረጥ)

ወንድሞችና እኅቶች፣ እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ድንጋይ መጻፋችን አንዳንዶቻችሁን ያስቅ ይሆናል። «ይህ የምሕንድስና ተማሪዎች ጉዳይ አይደለምን?» የሚለንም አይጠፋም። ነገር ግን ወደዚህ ጥናት የመራን የቃል ነገር ነው፤ ይኸውም የአንድ ዕቃ ስም ከዕቃው ባሕርይ ሲለይ ገዢው ምን ያህል እንደሚጎዳ በዐይናችን ማየታችን ነው።

ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ እኅት በዐረብ አገር በሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ ካጠራቀመችው ገንዘብ ለእናቷ ግቢ ንጣፍ የሚሆን ላከች። እናቲቱ ክረምት በመጣ ቍጥር ከቤት እስከ ማድ ቤት በጭቃ ሲመላለሱ ስለምታስታውስ ነው። ድንጋይም ተመረጠ፤ ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ውኃ ሲፈስበት ፊት የሚያሳይ ነበረ። ሻጩ «እማማ፣ ይህ ጥቁር እብነ በረድ ነው፤ የልጅ ልጅ ይረግጠዋል» አላቸው። በፋሲካ የመጣ ጎረቤት ሁሉ አደነቀ። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ጥቁረቱ ወደ ዐመድማ ዞረ፤ ሎሚ የተንጠባጠበበት ስፍራ ነጫጭ ምልክት አወጣ፤ ከሁሉ የባሰው ደግሞ እናቲቱ በዝናብ ቀን በደጃፋቸው ተንሸራተው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ልጂቱ በስልክ «ድንጋዩ እንዴት ነው?» ብላ ስትጠይቃቸው «ያምራል ልጄ፣ ተባረኪ» ይሏታል እንጂ የደረሰባቸውን አልነገሯትም።

እኛም ከድንጋዩ ስባሪ ወስደን የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቅን፣ መጻሕፍትም ተመለከትን። ያገኘነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

1. ድንጋዩ ምንድን ነው?

ያ ድንጋይ ጥቁር የኖራ ድንጋይ ነበረ። በብዙ አገር ገበያ ሲለሰልስ የሚያብረቀርቅ የኖራ ድንጋይ ሁሉ «እብነ በረድ» እየተባለ ይሸጣል። በአየርላንድ የምትገኘው የኪልኬኒ ከተማ «የእብነ በረድ ከተማ» የሚል ቅጽል የወጣላት በአካባቢዋ ይቈፈር በነበረው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ግን የባሕር ፍጥረታት ቅሪት በውስጡ የሚታይበት የኖራ ድንጋይ ነው። የከተማይቱ የእግር መንገዶችም ቀድሞ በዚሁ ድንጋይ ተነጥፈው ነበር። ስለዚህ ስሙ የነጋዴ ስም እንጂ የድንጋዩን ባሕርይ የሚናገር ስም አይደለም።

በአማርኛ ያለን ስም ግን እውነቱን ይነግረናል። «የኖራ ድንጋይ» ማለታችን ተቃጥሎ ኖራ የሚሆን በመሆኑ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው ነገር ሲሆን፣ የተፈጠረውም በጥንት ባሕር ወለል ላይ ዛጎልና ደቃቅ ጭቃ ተከማችቶ ከጠነከረ በኋላ ነው። ጥቁር የሚሆነው በዚያ ጭቃ ውስጥ አየር ሲያንስና የሞቱት ፍጥረታት ፈጽመው ሳይበሰብሱ ሲቀሩ ነው። የቀረው ካርቦን ድንጋዩን እንደ ጥላሸት ያጠቁረዋል። እንግዲህ ድንጋዩ ራሱ ነጣ ያለ ሲሆን ጥቁረቱ በመካከሉ የተበተነ ጥቂት ነገር ነው ማለት ነው። ይህን ያወቀ ሰው የቀረውን ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል።

ሁለተኛው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ይህ ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣ እሳተ ገሞራ የበረደው ነው። ጥቁረቱ የሚመጣው ድንጋዩ ራሱ ከተሠራባቸው ብረትና ማግኒዝየም ካለባቸው ማዕድኖች ስለ ሆነ በቀላሉ አይለቅም።

ከጎጃም በአውቶቡስ የምትመጡ ጓደኞቻችን ሁለቱንም ድንጋዮች በአንድ ጉዞ ታያላችሁ። ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ስትወርዱ ከላይ ያለው ጥቁር ገደል ባዛልት ነው፤ ዝቅ ስትሉ በንብብር ተደርቦ የሚታየው ነጣና ቢጫ ያለው የኖራ ድንጋይ ነው። የኖራው ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ አገሩን ሸፍኖ ከነበረው ባሕር የቀረ ሲሆን፣ ባዛልቱ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በላዩ ፈሰሰበት። በትግራይም የመቀሌ አሮጌ ቤቶች የተሠሩት ከዚያው ባሕር በቀረው የኖራ ድንጋይ ነው። በጎንደር ደግሞ ከ1632 እስከ 1667 (በአውሮፓ አቈጣጠር) የነገሡት ዐፄ ፋሲል ግንባቸውን ሲያሠሩ ድንጋዩ ባዛልት፣ ማያያዣው ኖራ ነበረ። የጎንደር ግንበኞች እያንዳንዱን ለየባሕርዩ ሥራ መድበውታል።

2. ጥቁረቱ ስለ ምን ይጠፋል?

ዝናብ ከሰማይ ሲወርድ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀላቀልበት ጥቂት ኮምጣጣነት አለው። ኮምጣጣ ነገር ደግሞ የኖራን ድንጋይ ይበላል። መብላቱ ለዐይን የማይታይ ጥቂት ቢሆንም ልሙጡን ፊት ያሻክረዋል፤ የሻከረ ፊት ብርሃንን ወደየአቅጣጫው ስለሚበትን ድንጋዩ ዐመድ መስሎ ይታያል። በላዩ ያለውም ካርቦን በፀሓይና በዝናብ ብዛት እየሳሳ ይሄዳል።

ውኃ ሲፈስበት ተመልሶ የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውኃው ሻካራውን ስለሚሞላው ለጊዜው ልሙጥ ይሆናል። ሻጭ ድንጋዩን በባልዲ ውኃ እያጠበ የሚያሳየውም ይህ ስለሚያምር ነው። ገዢ ግን የሚኖረው ከደረቀው ድንጋይ ጋር ነው።

ከፀሓይና ከዝናብ የተጠበቀ እንደ ሆነ ነገሩ ይለወጣል። በእንግሊዝ አገር በዊንቸስተር ካቴድራል ውስጥ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ የጥምቀት ገንዳ አለ፤ ድንጋዩ ከቤልጅግ ከቱርኔ የመጣ ጥቁር የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ ከ800 ዓመት በላይ ቈይቶ ዛሬም ጥቁር ነው። በዚያው አገር ዛሬ ሰዎች ጓሯቸውን የሚያነጥፉበት ጥቁር የኖራ ድንጋይ ብዙው ከህንድ በመርከብ የሚመጣ ነው፤ በህንድም በአንድራ ፕራዴሽ የሚገኘው የካዳፓ ጥቁር ድንጋይ የታወቀ ነው። ይህ በውጭ ሲነጠፍ ከጊዜ ብዛት ወደ ግራጫ መዞሩ አይቀርም። ገንዳውን ያቈየው ጣሪያው ነው።

3. ከመግዛታችን በፊት ልናደርገው የሚገባ ፈተና

ሀ) የሎሚ ፈተና። በድንጋዩ የጀርባ ፊት ላይ ሎሚ ጠብ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ማቈየትና መጥረግ ነው። ስፍራው ከደበዘዘ ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ወይም እውነተኛ እብነ በረድ ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ማዕድን ስለ ተሠሩ ሎሚ አይለያቸውም። ባዛልት ግን ምንም አይሆንም።

ለ) የምስማር ፈተና። የብረት ምስማር የኖራን ድንጋይ ይጭረዋል፤ ነጣ ያለ መሥመርም ይተዋል። ባዛልትን በቀላሉ አይጭረውም።

ሐ) የፀሓይ ፈተና። ድንጋዩን ደረቅ ሆኖ፣ ከሱቅ ውጭ፣ በቀን ብርሃን ማየት ነው። ጊዜ ያለው ሰው አንዱን ስባሪ በቤት፣ ሌላውን በጣሪያ ላይ አስቀምጦ ክረምቱን ያሳልፍና ሁለቱን ጎን ለጎን ያመዛዝን።

መ) የጫማ ፈተና። ድንጋዩን በመሬት አጋድሞ ውኃ ማፍሰስና ቤተ ሰቡ ዘወትር በሚጫማው ጫማ መቆም ነው። በተለይ አረጋውያን ባሉበት ቤት ይህ ፈተና ከሁሉ ይበልጣል። የተለሰለሰ ፊት ባዛልትም ቢሆን በዝናብ ያንሸራትታል። ለውጭ የሚሻለው በተፈጥሮው እንደ ተገመሰ የቀረ ወይም በመሮ የሻከረ ፊት ነው።

ሠ) የመዶሻ ፈተና። ድንጋዩን በቀስታ ሲመቱት እንደ ደወል ቢጮኽ ጤነኛ ነው፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ውስጡ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። ባዛልትንም ሲመርጡ ቀዳዳ የበዛበትንና ቡናማ ቅርፊት የያዘውን መተው ነው።

4. የኖራ ድንጋይ ታዲያ አይረባምን?

እንዲህ አንልም። የኖራ ድንጋይ በንብብር ስለሚገመስ ሰፊና ደልዳላ ገጽ ይሰጣል፤ ለመቍረጥም ከባዛልት ይቀላል። ጣሪያ ላለው በረንዳ፣ ለቤት ውስጥ ወለልና ግራጫነቱን አስቀድሞ ለተቀበለ ሰው መልካም ነው። በማድ ቤት ደጃፍ፣ ሎሚ በሚጨመቅበት፣ ጠጅና ጠላ በሚቀዳበት ድንኳን ሥር ግን ስፍራው አይደለም፤ እነዚህ ሁሉ ኮምጣጣ ናቸውና።

ጥቁረቱን ለማቈየት የሚቀቡ ፈሳሾች አሉ። አንዳንዶቹ ዘይትና ውኃ እንዳይጠልቅ ብቻ ይከላከላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ቀለሙን ያደምቃሉ። ሁለቱም ድንጋዩ ጸድቶ ፈጽሞ ሲደርቅ የሚቀቡ ሲሆኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መታደስ አለባቸው። ስለዚህ ገዢው የድንጋዩን ዋጋ ሲያስብ የቅቡንም ዋጋ አብሮ ያስላ። የሲሚንቶ ቅሪት ለማስለቀቅ በገበያ የሚሸጠውን አሲድ በኖራ ድንጋይ ላይ ማፍሰስ ግን በአንድ ቀን ያበላሸዋል።

ጥቁር ድንጋይ ማናቸውም ቢሆን በበጋ ፀሓይ እንደሚግልም ማስታወስ ያስፈልጋል። ሕፃናት በባዶ እግር በሚጫወቱበት ግቢ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ከንጣፉ ጎን ይተከል።

5. ስለ አነጣጠፉ

የተመረጠ ድንጋይ በክፉ መሠረት ላይ ቢቀመጥ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውንም ንጣፍ ያነሣዋል። ስለዚህ ዋልካው ተቈፍሮ ይውጣ፤ በምትኩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ገብቶ በሚገባ ይጠቅጠቅ። ብዙ ዋልካ ባለበት ከዚህም ይጨምራል።

ንጣፉ ውኃውን ከቤቱ እንዲያርቅ በአንድ ሜትር 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያዘቅዝቅ። ለእግር ብቻ ለሚሆን መተላለፊያ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ ይበቃል፤ ነገር ግን የአሸዋና የሲሚንቶው ቅልቅል ከሥሩ ሙሉ በሙሉ መደልደል አለበት። አንዳንድ ሠራተኞች በአራት ማዕዘንና በመካከል ብቻ ጥቂት ጥቂት አድርገው ያስቀምጡታል፤ ከሥሩ ባዶ የቀረ ድንጋይ ከባድ ነገር ሲያርፍበት ይሰበራል። መኪና ለሚገባበትም የወፈረ ድንጋይና የጠነከረ መሠረት ያስፈልጋል። ድንጋይ የሚቈርጠውም ሰው በውኃ እያረሰ ይቍረጥ፤ አፍና አፍንጫውንም ይሸፍን፤ ምክንያቱም አቧራው ሳንባን ይጎዳል።

ማጠቃለያ

አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ይላሉ። ከተማችን የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። በ1990ዎቹ ዓ. ም. ማብቂያ በአገራችን የተጀመረው የኮብልስቶን ሥራ ብዙ ወጣቶችን፣ ከእነርሱም መካከል ዲግሪ የያዙትን፣ መሮና መዶሻ አስጨብጧቸዋል። እኛ ተማሪዎች «ተመርቆ ኮብልስቶን» እያልን ስንቀልድ ቈይተናል። ይህን ጥናት ካደረግን በኋላ ግን ቀልዱ አፋችን ላይ አልጣፈጠንም። ድንጋይን በድምፁ ለይቶ ፊቱን በልክ የሚያሻክር ሰው የያዘው ዕውቀት እኛ በአራት ዓመት ያልተማርነው ነው፤ እርሱን ጠርተው አማክረው ቢሆን ኖሮ እናቲቱ ባልወደቁ ነበር።

ያ የወንድማችን ቤተ ሰብ የደጃፉን ድንጋይ አንሥቶ በመሮ የሻከረ ባዛልት አስነጠፈ። ጥቁሩን የኖራ ድንጋይ አልጣሉትም፤ ጣሪያ ባለው በረንዳ ረከቦት በሚቀመጥበት ስፍራ አደረጉት፤ በዚያም አምሮ ይታያል። ልጂቱም እውነቱ ተነግሯታል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ለወላጆችህ ግቢ ድንጋይ ግዛ ተብለህ ብትላክ ለሻጩ አንድ ጥያቄ አቅርብለት፦ «ይህ ድንጋይ ሲደርቅ ምን ይመስላል?» መልሱን ከሰማህ በኋላ ከኪስህ ሎሚ አውጣ።