የሚጥል በሽታ ጥናት ላይ ለምትሠሩ መረጃ ሰብሳቢዎች (ለቤተሰብም ይጠቅማል)



ሰሞኑን ከሞጣና ከብቸና የሆኑ አዲስ ተመራቂ ነርሶችና ጤና መኮንኖች በውስጥ መስመር ተመሳሳይ ጥያቄ ልከውልኛል። በሚጥል በሽታ ጥናቶች ላይ በጥናት ረዳትነት፣ ማለትም በመረጃ ሰብሳቢነት መሥራት ይፈልጋሉ። "ዶክተር፣ ምን ብናነብ ይሻላል?" ነው የሚሉት። ንባቡ አይጠፋም። እኔ ግን ሰው ቤት ገብታችሁ ስትቀመጡ የሚያጋጥማችሁን ልንገራችሁ። የታማሚ ቤተሰቦችም አንብቡት፤ መረጃ ሰብሳቢው የሚጠይቃችሁና እኔ ካርድ ይዤ የምጠይቃችሁ አብዛኛው አንድ ነው።

ብዙ ሰው ኤም.አር.አይ ካልተነሣ ወይ ኢ.ኢ.ጂ ካልተሠራለት በሽታው የሚታወቅ አይመስለውም። ተበድሮ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ አለ። መሣሪያዎቹ ይጠቅማሉ። ነገር ግን ኢ.ኢ.ጂ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሰውዬውን በማይጥለው ሰዓት ስለሆነ "ደህና ነው" የሚል ወረቀት ይዞ ተመልሶ፣ ማታውን የሚወድቅ ሰው አለ። የሚጥል በሽታ በዋናነት የሚለየው በታሪኩ ነው። ያለ ግልጽ ቀስቃሽ ምክንያት፣ ከ24 ሰዓት በላይ ተራርቆ ቢያንስ 2 ጊዜ የጣለው ሰው የሚጥል በሽታ አለበት እንላለን። ይህን የምናውቀው ጠይቀን ነው። ስለዚህ የጥናት ረዳት ሥራ ቅጽ መሙላት ብቻ አይደለም፤ አጠያየቃችሁ ከተበላሸ በሽተኛው ቤቱ ውስጥ እያለ "የለም" ተብሎ ይመዘገባል።

ይህ በአገራችን ተሠርቶ የታየ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ያካሄዱት ጥናት በ1990 እ.ኤ.አ ታትሟል። 60,820 ሰዎች የተጠየቁበት ነው። የጠየቁት የነርቭ ስፔሻሊስቶች አልነበሩም፤ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ፣ ሐኪም ያልሆኑ ሠራተኞች ናቸው። 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ተገኙ፤ ከ1,000 ሰው 5.2 መሆኑ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ተገቢውን መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። አስሉት፤ ከ316ቱ አምስት ሰው ገደማ። 27ቱ ደግሞ የእሳት ቃጠሎ ደርሶባቸዋል። እኔ ይህን ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የሚታየኝ ምድጃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ቢመረመሩና ቢታከሙ ከ10 ሕሙማን እስከ 7ቱ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። እነዚያ 316 ሰዎች ከተደበቁበት የወጡት በጥያቄ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። "ቤታችሁ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አለ?" ብላችሁ ብትጀምሩ መልሱ "እግዜር ይጠብቀን፣ የለም" ነው። በተለይ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ካለች። በኛ አካባቢ "ጣለው"፣ "ለከፈው"፣ "ባርያ ነው"፣ "ያ ነገር መጣበት" ይባላል። እናንተ እነዚህን ስሞች አትድገሙ፤ ሲነገሩ ግን ምን ማለት እንደሆነ እወቁ። የሚሻለው ስለ በሽታው ስም ሳይሆን ስለሆነው ነገር መጠየቅ ነው። ድንገት ራሱን ስቶ የወደቀ አለ? ዓይኑ ፈጦ ሲጠሩት የማይሰማበት ጊዜ ያለው ልጅ አለ? እሳት ላይ የወደቀስ? ብቻውን ውኃ ለመቅዳት ወይም ከብት ለመጠበቅ የማይላክ ሰው አለ? በዚህኛው ጥያቄ ብቻ "እሱማ አለ፣ እናቱ አታስወጣውም" የሚል ጎረቤት ታገኛላችሁ።

ቃላትም ያሳስታሉ። "አንቀጥቅጦህ ያውቃል?" የሚል ጥያቄ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወባ የያዘውን ሁሉ "አዎ" ያሰኛል። ወባ ያንቀጠቀጠው ሰው ግን "ጋቢ ደርቡልኝ" ይላል፤ የሚጥል በሽታ መላ ሰውነቱን ያንዘፈዘፈው ሰው አይናገርም፣ በኋላም አያስታውስም። አዲስ አበባ የተተረጎመ መጠይቅ ላይ ደግሞ "የንቃተ ህሊና መዛባት" ተብሎ ይጻፋል። የትኛዋ የገጠር እናት ናት ይህን የምትመልስ? ሜዳ ላይ ከወጣችሁ በኋላ ግን ጥያቄውን በራሳችሁ መቀየር አይፈቀድላችሁም፣ እንደተጻፈ ነው የሚነበበው። ስለዚህ ጊዜው በሥልጠናና በሙከራው ወቅት ነው። እጃችሁን አውጥታችሁ "ይህ ቃል እኛ ጋ ሌላ ነገር ማለት ነው" በሉ። ከአለቆቻችሁ ጋር በዚህ ብትከራከሩ ማንም አይቀየማችሁም፤ ቢቀየምም ጥናቱ ይተርፋል።

ዋናው ምስክር በሽተኛው አይደለም። እሱ ሲወድቅ አያውቅም። ያየችውን እናት፣ አብሮት የሚተኛውን ወንድም አስቀምጡና "እማማ፣ እስቲ እንዴት እንዳደረገው ያሳዩኝ" በሉ። ያሳዩዋችኋል። አንገቱ ወደየት ዞረ? የትኛው እጅ ቀደመ? ደርቆ ነው የወደቀው ወይስ ተዝለፍልፎ? የምላሱን ጎን ነከሰ? ሽንት አመለጠው? ከነቃ በኋላ ወዲያው አወራ ወይስ ግራ ተጋብቶ ተኛ? በጾም ረጅም ሰዓት ቆሞ ሲያስቀድስ አልቦት፣ ዓይኑ ጨልሞ ተዝለፍልፎ የወደቀና ወዲያው የነቃ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ነው የሳተው። ትንሽ ቢወራጭም እንኳ። እንዲህ ያለውን ሰው የሚጥል በሽታ አለበት ብሎ መመዝገብ ዕድሜ ልኩን የማይለቅ ስም መስጠት ነው።

ስማርት ስልክ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ እዚህ ላይ ከማንም በላይ ልትረዱን ትችላላችሁ። መጀመሪያ ሰውዬውን ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፣ ከዚያ አንድ ሁለት ደቂቃ ቅረጹ። ፊቱና ሁለቱም እጆቹ ይታዩ። ለሐኪም ብቻ አሳዩ። ቲክቶክ ላይ የሚለጥፍ ሰው አይቻለሁና ነው ይህን የምለው። መረጃ ሰብሳቢዎች ግን የጥናቱ ፈቃድ ከሌላችሁ በራሳችሁ ስልክ እንዳትቀርጹ።

"በወር ስንት ጊዜ ይጥልሃል?" ለሚለው "አልፎ አልፎ" የሚል መልስ አትቀበሉ። "ካለፈው ጊዮርጊስ ወዲህ ስንቴ?" ብትሉ ሞጣ ላይ ሁሉም ያውቃል፤ በየወሩ 23 ነው። ሌሊቱንም ጠይቁ። ጠዋት ትራስ ላይ ደም፣ የረጠበ መኝታ፣ ተደብድቦ እንዳደረ የሚሰማ ሰውነት ካለ ሌሊት ጥሎት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ጉዳይ ልምጣ። "መድኃኒትህን በትክክል ትወስዳለህ?" ስትሉት "አዎ" ይላል፤ ነውር ስለሚመስለው። "ሰው ሁሉ ይረሳል፤ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠህ?" በሉት። ያኔ ይናገራል። ተሽሎኛል ብሎ የተወው አለ። ጸበል ሊገባ ያቆመ አለ። ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ አልቆበት፣ ከግል ፋርማሲ ለመግዛት ብር ያጣም አለ። ፊታችሁን ካጠቆራችሁ ወይም ስለ ጸበል ከተከራከራችሁት ሁለተኛ እውነቱን አይነግራችሁም። ጸበልና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ፤ ውኃው ውስጥ ሲገባ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይኑር እንጂ። ፌኖባርቢታል ደግሞ ብዙ ጊዜ ማታ አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ጾም አያግደውም። ነገር ግን እንዲህ ያለ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያቋርጥ መናወጥ ሊያስነሣ ይችላል፣ ይህም ሰው ይገድላል። ስለዚህ "ካቆምኩ ሦስት ቀኔ ነው" የሚል ሰው ካገኛችሁ በቅጹ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ወደሚቀጥለው ቤት አትለፉ። ያኔውኑ ለሱፐርቫይዘራችሁ ደውሉ፣ በዚያው ቀን ከጤና ጣቢያው ጋር ይገናኝ። ቫልፕሮኤት የምትወስድ፣ ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ካገኛችሁም እንዲሁ አሳውቁ። መድኃኒቱ ለፅንስ አደገኛ ነው። ነገር ግን "አቁሚ" አትበሏት፤ የሚቀይርላት ሐኪም ነው።

ስለ ምስጢር ብዙ አላወራም፣ ከተማችን ትንሽ መሆኗን ታውቃላችሁ። መንገድ የሚያሳያችሁ የቀበሌ ሰው ጥያቄው ሲጀመር ውጭ ይቆይ። ያነጋገራችኋትን ልጅ ገበያ ላይ ብታገኟት እሷ ካልቀደመች ሰላም አትበሏት። አንድ ጓደኛችሁ "እዚያ ቤት ደግሞ ምን ልታደርጉ ገባችሁ?" ካለ መልሱ "ስለ ጤና ልንጠይቅ" ነው፣ አለቀ። ሰው "ይህ ጥናት መድኃኒት ይሰጠናል?" ካላችሁ ደግሞ የማይሰጥ ከሆነ አይሰጥም በሉ። የስምምነት ቅጹን ለማስፈረም ተብሎ የሚሰጥ ተስፋ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በር ያዘጋባታል።

ፊት ለፊታችሁ ከጣለውስ? ወረቀቱን አስቀምጡ። ሰዓት እዩ። ራሱ ሥር ነጠላ ወይ ጋቢ አድርጉ፣ መንቀጥቀጡ ሲለቀው በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይገባም፣ እጅና እግሩን አስጨንቃችሁ አትያዙ። ክብሪት የሚጭር ይመጣል፤ በትህትና መልሱት። አረፋው አይተላለፍም፣ ንኩት፤ ጎረቤቱ ሲነካ አይቶ እንዲነካው። 5 ደቂቃ ካለፈው፣ ሳይነቃ ከደገመው ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ባገኛችሁት መኪና ወይም ባጃጅ ወደ ሆስፒታል።