የሽጉጥ ምላጭና ጣት

የግማሽ አውቶማቲክ ሽጉጥ ጠባይ በምላጩ ይታወቃል፤ ሦስቱን እናነጻጽር። የአሜሪካ ጦር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. የተቀበለው ኮልት፣ የምላጩ ሥራ የተወጠረውን መዶሻ መልቀቅ ብቻ ነው፤ ሲስቡት አጭርና ቀላል ስለ ሆነ በአውራ ጣት የሚዘጋ መጠበቂያ ተደርጎለታል። በ1938 ለጀርመን ጦር የተመረጠው ዋልተር ፒ 38 ግን፣ መዶሻው ወርዶ ሳለ ምላጩ ራሱ ወጥሮ ይለቀዋል፤ የመጀመሪያው ተኩስ ይከብዳል፣ ሁለተኛው ይቀላል፤ ያልለመደ እጅም በዚህ ልዩነት ዒላማ ይስታል። የኦስትሪያ ጦር በ1982 የያዘው ግሎክ 17 አሳሳቡ አይለዋወጥም፤ ነገር ግን መጠበቂያው ምላጩ ላይ ስላለ ጣት ሲያርፍበት ይከፈታል። ሽጉጡን ለመፍታትም ምላጩን መሳብ ግድ ነው፤ ካዝናው ቢወጣም የጐረሰ ጥይት ሊቀር ስለሚችል፣ አስቀድሞ ያልመረመረ ሰው ሊገድል ይችላል። እንግዲህ ብረቱን ከማወዳደር በፊት ጣትን መግራት ይቀድማል እንላለን።