«እናቴ ዓይኗ ሞራ ለብሷል፣ ጠብታ ልላክላት?»

አገር ቤት፣ መንዝና መርሐቤቴ በኩል ወላጆች ያሏችሁ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ ነው። መልሴ አጭር ነው፦ ጠብታው አይሠራም።

ከብሌናችን ኋላ እንደ መስታወት የጠራ ሌንስ አለ። ዕድሜ ሲገፋ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ይረጋና ይደፈርሳል። የእንቁላል ነጭ ሲቀቀል አስቡት፤ አንዴ ከረጋ ተመልሶ አይጠራም። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ማለት ይህ ነው። ቅጠል ጨምቆ መጨመርማ ጭራሽ ዓይን ያቆስላል። ከእርጅና ሌላ ስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ የዓይን ምትና ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ መዋል ያፋጥኑታል። መሐል ሜዳን በመሰለ ደጋ ብርዱ ያታልላል እንጂ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ከቆላው ይበረታል።

ሕመም የለውም፤ የሚዘገየውም ለዚህ ነው። ጉም ውስጥ የማየት ያህል ይሆናል፣ ፀሐይ ላይ ይብሳል። አንዳንዴ ደግሞ አባት ድንገት ዳዊታቸውን ያለ መነጽር ማንበብ ይጀምራሉ፤ ቤተሰብ ደስ ይለዋል። ይህ ራሱ የሞራ ምልክት ሊሆን ይችላል!

በ1998 ዓ.ም በተደረገው ብሔራዊ ጥናት በአገራችን ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ የመጣ ነው። የሚያሳዝነው፣ ይህ በቀዶ ሕክምና የሚመለስ መሆኑ ነው። ዓይኑ ብቻ ይደነዝዛል፣ የደፈረሰው ሌንስ ይወጣል፣ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በማግሥቱ ፋሻው ይነሳል። ከዚያ ለሳምንታት ጠብታ አለ (አሁን ጠብታው ይሠራል!)፤ ዓይን ማሸት፣ ከባድ ማንሳትና አቧራ ክልክል ነው። ሕመም ወይም መቅላት ከበረታ፣ እይታ ከቀነሰ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ።

«ሞራው እስኪበስል ይቆይ» የሚባለውን እርሱት። የዕለት ሥራ ካስቸገረ ጊዜው ደርሷል። ብዙ የቆየ ሞራ ይደድራል፣ ሊያብጥና የዓይን ግፊት ሊያስነሳም ይችላል።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ያላየ ሽማግሌ ሁሉ ሞራ አለበት ማለት አይደለም። ግላኮማም ቀስ ብሎ፣ ያለ ሕመም ያጠፋል፤ በግላኮማ የጠፋ እይታ ግን በቀዶ ሕክምና አይመለስም። ስለዚህ «ሞራ ነው፣ የዘመቻ ሐኪሞች ሲመጡ ይነሳል» ብላችሁ በግምት አታቆዩአቸው። ቅርብ ያለው ሆስፒታል የዓይን ሐኪም ከሌለው ሪፈር አጽፉ፤ አዲስ አበባ ከሆነ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው።

ለበዓል ስትገቡ እማማን ደጅ አስቀምጡና አንድ ዓይናቸውን በመዳፍ ሸፍነው ከ6 ሜትር ያህል ጣታችሁን ይቁጠሩላችሁ። ከዚያ ሌላውን ዓይን። አንዱ እንኳ ከሳተ ስትመለሱ ይዛችኋቸው ኑ።