የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ወጪው የማን ነው?

የኢሚግሬሽንና የአነስተኛ ንግድ ዓምድ ስለ ክትባት ምን አገባው የሚል አይጠፋም። እኔም የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ በሆስፒታልና በነርሲንግ ሆም የሚሠራው ወገናችን ብዙ ነው፤ የሆም ኬር ድርጅት የከፈተም አለ። ጉዳዩ ሁለቱንም ወገን በኪሱ ይነካዋል።

ሄፓታይተስ ቢ ጉበትን የሚያጠቃ፣ በደምና በሌሎች የሰውነት ፈሳሾች የሚተላለፍ በሽታ ነው። ያልተከተበ ሠራተኛ በሽተኛው ላይ በዋለ መርፌ ቢወጋ የመያዝ ዕድሉ ከመቶ ከ6 እስከ 30 ይደርሳል።

ኦሻ የተባለው የፌዴራሉ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 1991 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ሥራው ከደም ጋር ለሚያገናኘው ሠራተኛ ሁሉ አሠሪው ሥልጠና ሰጥቶ፣ ሥራ በተመደበ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ክትባቱን በነጻ ማቅረብ አለበት።

«በነጻ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። «አንተ ክፈል፣ ዓመት ስትሠራ እንመልስልሃለን» ማለት አይፈቀድም። «ቶሎ ከለቀቅሽ ሂሳቡን ትመልሻለሽ» የሚል ውል ማስፈረምም ክልክል ነው። ከደመወዝ ቼክዎ ላይ ለክትባት ተብሎ የተቆረጠ ካለ ያስመልሱ።

ደንቡ ሠራተኛው ክትባቱን እንዳይቀበል ይፈቅድለታል፤ ይህን ሲያደርግ አንድ ወረቀት ይፈርማል። ወረቀቱ ከመጀመሪያው ቀን የወረቀት ክምር ጋር ስለሚመጣ ሳያነቡ መፈረም ቀላል ነው። ፈርመውም ከሆነ በሩ አልተዘጋም፤ እዚያው ሥራ ላይ እስካሉ ድረስ በኋላ ሐሳብዎን ቢለውጡ አሠሪው አሁንም በነጻ ያስከትብዎታል።

«መጀመሪያ የደም ምርመራ አምጣ» ብሎ ማስገደድም አይቻልም። ሆኖም በሽታው በአገራችን የተስፋፋ በመሆኑ፣ በራስዎ ሐኪም ዘንድ መመርመሩ ይበጃል። ክትባቱ ቀድሞ የተያዘን ሰው አያድንም።

ለባለ ድርጅቶች፦ አንድ ሠራተኛ ብቻ ቢኖርዎም ደንቡ ይመለከትዎታል። የሚያወጡት ገንዘብ የንግድ ወጪ ስለሆነ ከገቢዎ ላይ ተቀናሽ ይሆናል። አንዳንዱ ሠራተኛውን በ1099 ከፍሎ የሚያመልጥ ይመስለዋል፤ ሰዓቱንና የሥራውን አኳኋን የሚወስነው ባለቤቱ ከሆነ ግን የወረቀቱ ስም አያድነውም። የክትባት መዝገቡን ደግሞ ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ 30 ዓመት በምሥጢር መያዝ ግዴታ ነው።

ለግሪን ካርድ የሕክምና ምርመራ ሲያደርጉ ይህንኑ ክትባት ጀምረው ይሆናልና ቅጂውን ይፈልጉ። ሦስቱን መርፌ ሳይጨርሱ ያቋረጡ ካቆሙበት ይቀጥላሉ እንጂ እንደገና አይጀምሩም።