ስርዓተ ክወና ከታደሰ በኋላ የሚጠፋው ዋይፋይ፦ ብልሽቱን የት እንፈልግ?

የላፕቶፕ ስርዓተ ክወና፣ በተለምዶ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምንለው፣ በታደሰ ማግስት የዋይፋይ ምልክት ከስክሪኑ ላይ መጥፋቱ ብዙ ተማሪዎች የሚያውቁት ችግር ነው። በዚህን ጊዜ በብዛት የሚሰጡት ምክሮች ሁለት ናቸው፤ «ካርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» ወይም «ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግ»። የመጀመሪያው ያለ አግባብ ገንዘብ ያስወጣል። ሁለተኛው ደግሞ ቅጂ ያልተያዘለትን የመመረቂያ ጽሑፍና የቤተ ሙከራ መረጃ ጠራርጎ ሊያጠፋ ይችላል። ሁለቱም ያለ ምርመራ የታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። ትናንት የሠራና ዛሬ ያልሠራ መሣሪያ ሲያጋጥመን አስቀድመን መጠየቅ ያለብን በመካከሉ ምን እንደተለወጠ ነው፤ እዚህ ላይ የተለወጠው ሶፍትዌሩ ነው።

ገመድ አልባ የኔትወርክ ካርድ በመሠረቱ አነስተኛ የሬዲዮ ማሰራጫና መቀበያ ነው። ከስርዓተ ክወናው ጋር የሚግባባው ድራይቨር በተባለ ፕሮግራም አስተርጓሚነት ሲሆን፣ ብዙዎቹ ካርዶች በተጨማሪ ፈርምዌር የሚባል የራሳቸው የውስጥ ፕሮግራም ይጫንላቸዋል። ስለዚህ ምርመራው ከታች ወደ ላይ፣ ከካርዱ ወደ ድራይቨሩ፣ ከዚያም ወደ ሬዲዮው ሊሄድ ይገባል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ኮምፒውተሩ ካርዱን ያያል ወይ የሚል ነው። በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀርን፣ በሊኑክስ ደግሞ ኤልኤስፒሲአይ የተባለውን ትእዛዝ እንጠቀማለን። የካርዱ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ከተገኘ ካርዱ ሲጠሩት «አለሁ» እያለ ነውና ተቃጥሏል የሚለው ፍርድ በእጅጉ ይዳከማል። ካልተገኘ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ማስነሳት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ «ሻት ዳውን» ማለት ሙሉ መዘጋት አይደለም፤ ስርዓቱን በእርግጥ እንደ አዲስ የሚያስነሳው «ሪስታርት» ነው። የአውሮፕላን ሁነታ ቁልፍ በስሕተት ተነክቶ እንደሆነም እግረ መንገድን ማየት ነው።

ካርዱ ታይቶ ዋይፋዩ ግን ካልሠራ ወደ ድራይቨሩ እናልፋለን። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኙት የብሮድኮም ኩባንያ ካርዶች ናቸው። ኩባንያው ለረጅም ጊዜ ለሊኑክስ ግልጽ ድራይቨር ስላላቀረበ፣ ሌሎች ፕሮግራመሮች የካርዶቹን አሠራር ከውጭ አጥንተው ቢ43 የተባለውን ድራይቨር ሠሩ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ሊኑክስ ከርነል 2.6.24 ውስጥ ተካተተ። ኩባንያው ለአዳዲስ ካርዶቹ ግልጽ ድራይቨር ያወጣው በ2010 ነበር። ሆኖም በርካታ ካርዶች የሚሠሩት ደብልዩኤል በተባለው፣ ዋናው ክፍሉ ዝግ በሆነው የኩባንያው ድራይቨር ነው። ይህ ድራይቨር የከርነሉ አካል ስላልሆነ ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና መገንባት አለበት። ዲኬኤምኤስ የተባለው ፕሮግራም ሥራውን በራሱ ያከናውናል፤ ይሁን እንጂ ኸደርስ የሚባሉት የዚያው ከርነል ፋይሎች ካልተጫኑ፣ ወይም የድራይቨሩ ቅጂ አርጅቶ ከአዲሱ ከርነል ጋር ካልተስማማ ግንባታው ይከሽፋል። ካርዱ ደኅና ነው፤ የጠፋው አስተርጓሚው ነው።

ይህንን በሙከራ ማረጋገጥ ይቻላል። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲጭን የቀድሞውን አብዛኛውን ጊዜ አያጠፋም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚታየው የግራብ ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል መርጠን እንግባ። ካርዱ፣ አንቴናው፣ ክፍሉና ራውተሩ ያው ናቸው፤ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዋይፋዩ ከተመለሰ ጥፋቱ የካርዱ አለመሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ሙከራ በመማሪያ መጽሐፍ ከሚሰጡት ብዙ የቁጥጥር ሙከራ ምሳሌዎች ይሻላል። በዊንዶውስ ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ያለው «ሮል ባክ ድራይቨር» ነው።

ጥገናው ኸደርሶቹን ከከርነሉ ጋር በቁጥር አመሳስሎ መጫንና ድራይቨሩን እንደገና መገንባት ነው። ፋይሎቹን ለማምጣት ግን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ የጠፋው ደግሞ እርሱው ነው። መውጫው በቀድሞው ከርነል መግባት፣ የኔትወርክ ገመድ መሰካት ወይም ሞባይል ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ የስልኩን ኢንተርኔት መጠቀም ነው። ድራይቨሩ ተገንብቶም አልጫን ካለ «ሴኪዩር ቡት» ያልተፈረመበትን ድራይቨር ከልክሎ ሊሆን ይችላል።

አንዳንዴ ደግሞ የጎረቤት ኔትወርክ ሁሉ እየታየ የራስ ኔትወርክ ብቻ ይሰወራል። እዚህ ላይ ጉዳዩ ፊዚክስና ሕግ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ክልል የቻነል 1 ማዕከል 2412 ሜጋኸርዝ ሲሆን እያንዳንዱ ተከታይ ቻነል 5 ሜጋኸርዝ ይጨምራል፤ ቻነል 13 በ2472 ላይ ይውላል። በብዙ አገሮች 13ቱም ቻነሎች ሲፈቀዱ፣ በአሜሪካ መሣሪያዎች በተለምዶ የሚሠሩት እስከ 11 ባለው ነው። እድሳቱ የካርዱን የአገር ቅንብር ወደ አሜሪካ ከለወጠው በቻነል 12 ወይም 13 የሚያሰራጨውን ራውተር ላያየው ይችላል። የአገር ቅንብሩን ማስተካከል፣ ያ ካልተቻለ ራውተሩን ወደ ቻነል 1፣ 6 ወይም 11 ማዛወር ነው። አንድ ስርጭት 20 ሜጋኸርዝ ያህል ስለሚሰፋ እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ አይነካኩም።