አቤቱታ ከመምጣቱ በፊት

በሥራ ቦታ ጥቃትና ትንኮሳን መከላከል የአሠሪው ግዴታ ነው ሲባል ብዙ አሠሪዎች «ከሳሽ ሲመጣ አጣራለሁ» ይላሉ። ረጋ ብለን እንየው፤ ግዴታው የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው።

አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እናስብ። የማታ ፈረቃ አለው። ትርፍ ሰዓት የሚደለድለው አንድ ተቆጣጣሪ ብቻውን ነው። ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው ኮሪደር አምፖሉ ከተቃጠለ ሰንብቷል። እስካሁን ማንም ማንንም አልነካም። የአሠሪው የመጀመሪያ ሥራ ግን እዚሁ ነው፤ አምፖሉን ማስቀየር፣ የትርፍ ሰዓቱን ተራ ለሁሉም በሚታይ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሥራው ለአካላዊ ብቻ ሳይሆን ለሥነ ልቦናዊ ጉዳትም መንስኤ እንዳይሆን መጠንቀቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190ም አሠሪ ስጋቱን ከሠራተኞች ጋር ሆኖ እንዲለይ፣ ደንብ እንዲያወጣና እንዲያሠለጥን ይጠይቃል። ስምምነቱ ማሽኑ ካለበት አዳራሽ አልፎ መመገቢያውን፣ ልብስ መቀየሪያውንና የስልክ መልእክቱን ጭምር ይሸፍናል።

ቀጥሎ የአቤቱታው መንገድ ነው። «ቅሬታ ለቅርብ አለቃ ይቀርባል» የሚል ደንብ፣ ተከሳሹ ያው አለቃ ሲሆን ምን ይረባል? ሌላ በር ያስፈልጋል። ማጣራቱ ሲጀመር ደግሞ «ለደኅንነቷ» እየተባለ ከክፍሏ የምትነሳው ብዙ ጊዜ አመልካቿ ናት። ይህ ለእኔ ቅጣት ነው፤ መነሳት ያለበት ካለ ተከሳሹ ይነሳ።

ቸል ያለ አሠሪስ? እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንለይ። ወሲባዊ ትንኮሳውን ወይም ጥቃቱን የፈጸመው አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ከሆነ፣ በአዋጁ መሠረት ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሏን ማቋረጥ ትችላለች። ከስንብት ክፍያ ሌላ የቀን ደሞዟ በ90 ተባዝቶ ይከፈላታል። በቀን 200 ብር የምታገኝ ከሆነ 18,000 ብር ማለት ነው። ፈጻሚው የሥራ ባልደረባ ከሆነ ግን ጥያቄው ይለወጣል፦ ለአሠሪው ተነግሮት ነበር? በወቅቱስ ተገቢውን እርምጃ ወስዷል? ካልወሰደና በዚህ ምክንያት ሥራ ከለቀቀች የስንብት ክፍያ መብቷ ነው። ለዚህ ነው አቤቱታው የቀረበበት ቀን ክርክር የሚያስነሳው። አቤቱታ የሚቀበለው ክፍል ቀኑን ጽፎ፣ ማኅተም አሳርፎ፣ ግልባጩን እዚያው ለአመልካቿ ይስጣት።