ስለ መጽሔት ሽፋንና ማውጫ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ

መጽሔትም ሸቀጥ ነው፤ ሽፋኑ የሱቁ ደጃፍ፥ ማውጫው ደግሞ የዕቃው ዝርዝር ነው። ስለዚህ የዋጋና የዕቃ መግለጫ መጽሔት የሚያሳትም፥ ወይም በሌላው መጽሔት ማስታወቂያ የሚያወጣ ነጋዴ የሁለቱን ሥርዓት ቢያውቅ ከኪሳራ ይድናል።

በመጀመሪያ፥ የመጽሔቱ ስም በሽፋኑ ራስጌ በጐላ ፊደል ይጻፋል። በአቃቂ በሰቃ ያለ ባለሱቅ መጽሔቶችን ደራርቦ ሲደረድር የሚታየው ራስጌው ብቻ ስለሆነ፥ በግርጌ የተጻፈውን ስም ገዢ ሳያየው ያልፋል። የስሙም ቅርጽ በየዕትሙ አይለዋወጥም። የአሜሪካው ታይም መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ በያዘው ቀይ ክፈፍ ከሩቅ ይለያል።

ሁለተኛ፥ በስሙ አጠገብ ቅጽ፥ ቁጥር፥ ወርና ዓመት ይሰፍራሉ። ቅጽ ብዙውን ጊዜ የኅትመቱን ዓመት፥ ቁጥር ደግሞ በዚያ ዓመት የወጣበትን ተራ ያመለክታል። በዚህ ላይ ዕቃ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ እጅግ ይጠንቀቅ። የእኛ ዓመት ከአውሮፓውያን ዓመት ከመስከረም 1 ቀን እስከ እነርሱ አዲስ ዓመት በ7፥ ከዚያ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ በ8 ያንሳል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የታተመ የዋጋ መግለጫ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ 2017 ብቻ ቢባል፥ የባሕር ማዶ ደንበኛ የ8 ዓመት አሮጌ ዋጋ መስሎት ይጥለዋል። ትክክለኛው 2025 ነው፤ ሁለቱም አቆጣጠር በግልጽ ጐን ለጐን ይጻፉ።

ሦስተኛ፥ አንድ ወረቀት ሲታጠፍ 4 ገጽ ይሆናል። ስለዚህ መሐሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት 32 ወይም 36 ገጽ እንጂ 34 አይሆንም፤ ሽፋኑም 4 ገጽ አለው። የኋላው ሽፋን መጽሔቱ ተገልብጦ ቢቀመጥ እንኳ ስለሚታይ፥ ለማስታወቂያ ከውስጥ ገጾች ይልቅ ይወደዳል። ማስታወቂያ አውጪው የከፈለበት ገጽ የትኛው እንደሆነ በውሉ ላይ ያስጽፍ።

በመጨረሻ፥ ማውጫው በመጀመሪያዎቹ ገጾች ርእስን፥ ጸሐፊንና የገጽ ቁጥርን ይዞ ይቀመጣል። የገጽ ቁጥሩ የሚሞላው ሁሉም ተሰናድቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ዘግይቶ የገባ አንድ ማስታወቂያ ከእርሱ በኋላ ያለውን ሁሉ ያዛውራልና። ነጋዴው «ይታተም» ብሎ ከመፈረሙ አስቀድሞ ማውጫውን ይዞ እያንዳንዱን ገጽ ገልጦ ያመሳክር። የዋጋው ዝርዝር በገጽ 12 ነው ተብሎ በገጽ 14 ቢገኝ፥ አንባቢው ዋጋውንም መጠራጠር ይጀምራል።